ነፋስ የማይነቀንቀው ካሜራ

ጥያቄ፦ በ4 በ5 ኢንች ፊልም የመልክዓ ምድር ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ። የተዋስኩት የእንጨት ካሜራ ለመሸከም ቀላል ነው፤ ግን ነፋስ ሲነሳ ምስሉ ይደበዝዛል። አሁን የራሴን ልገዛ ነው። እንጨት ይሻለኛል ወይስ ብረት?

መልስ፦ መጀመሪያ ሌንሱ የሚቀመጥበትን የፊተኛውን ፍሬም ይፈትሹ። ማጥበቂያዎቹን ሁሉ ያጥብቁና በጣትዎ ገፋ ገፋ ያድርጉት። የሚላወስ ከሆነ፣ ከእንጨትም ይሠራ ከብረት ይተውት።

ይህን ግን ካሜራውን በደንብ ዘርግተው ያድርጉት። በ150 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሩቅ ተራራ ሲያነሱ ሌንሱ ከፊልሙ የሚርቀው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ያኔ ደካማውም ካሜራ ጠንካራ ይመስላል። በዚያው ሌንስ አንዲት አበባ በትክክለኛ መጠኗ ፊልሙ ላይ እንድታርፍ ከፈለጉ ግን ርቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሌንሱና በፊልሙ መሃል ያለው እጥፍጥፍ ቆዳ ደግሞ እንደ ጀልባ ሸራ ነፋሱን ይቀበላል። የሌንሱን ቀዳዳ በጣም አጥብበው (በኤፍ 32) ለአንድ ሰከንድ ሲያነሱ ትንሿ ንቅንቅታም ትበቃለች።

እኔ አንድ ጠዋት ስምንት ፊልም አበላሽቻለሁ። ነፋስ እንኳ አልነበረም። የፊልም መያዣውን በከተትኩ ቁጥር የኋላው ፍሬም ሸርተት እያለ ፎከሱ ይጠፋ ነበር። ቤት ገብቼ ፊልሙን ሳጥብ ነው ያወቅኩት፤ በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ልገዛ ስሄድ የፊልም መያዣ ይዤ ነው። አስገብቼ አወጣና ምስሉ የሚታይበትን የኋላውን መስታወት በማጉያ አያለሁ። ፎከሱ ከተነካ አልገዛም።

ሊንሆፍ ማስተር ቴክኒካና ቶዮ 45ኤ የሚባሉት ካሜራዎች የብረት ናቸው፤ ሁለቱም ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናሉ። ከእንጨት የሚሠራው ኢንትሬፒድ 1.2 ኪሎ ገደማ ነው። ግማሽ ቀን በእግር የሚሄዱ ከሆነ ልዩነቱ ትከሻዎ ላይ ይታወቃል። የእርስዎ ችግር ነፋስ ስለሆነ ግን እኔ ብረቱን እመርጥልዎታለሁ።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ትሪፖድዎንም (ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን) ይዩት። የመሃል ዘንጉን ወደ ላይ አይሳቡት። ቦርሳ ካንጠለጠሉበት የቦርሳው ታችኛው ጫፍ መሬት ይንካ፤ አየር ላይ ከቀረ እየተወዛወዘ ይብስበታል። ጃንጥላም ይያዙ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዘርግተው ካሜራውን ይከልሉ፤ ጋብ ሲልልዎት ያንሱ።