ዲስኩ ይታያል፣ ሊንኩ ግን የለም

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ሰርቨሬ ላይ ያለው ሁለተኛ ዲስክ «ኤልኤስቢኤልኬ» የሚለውን ትዕዛዝ ስሰጥ ከነፓርቲሽኑ (ከክፍልፋዩ)፣ ማለትም ከኤስዲቢ1 ጋር ይታያል። ነገር ግን በ«/ዴቭ/ዲስክ/ባይ-ዩዩአይዲ» ማውጫ ውስጥ (ዩዩአይዲ የፋይል ሲስተሙ ልዩ ቁጥር ነው) ወደ ፓርቲሽኑ የሚያመለክተው ሊንክ ስለሌለ ሰርቨሩ ሲነሣ አንድ ደቂቃ ተኩል ጠብቆ ለጥገና ብቻ የሚሆነው ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል። ሊንኩን ራሴ ልፍጠረው ወይስ ኤፍስታብ (ሰርቨሩ ሲነሣ የሚያያይዛቸው ዲስኮች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ኤስዲቢ1 ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ሁለቱንም አንመክርዎትም። የዴቭ ማውጫ የሚኖረው በሜሞሪ ላይ ስለሆነ በእጅ የፈጠሩት ሊንክ ሪስታርት ሲያደርጉ ይጠፋል፤ ኤስዲቢ የሚለው ስም ደግሞ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚሰጥ በመሆኑ ነገ የሌላ ዲስክ ስም ሊሆን ይችላል።

ኤስዲቢን የሚፈጥረው ከርነሉ ሲሆን ሊንኮቹን የሚሠራው ግን ዲስኩን አንብቦ ያገኘውን መረጃ መሠረት የሚያደርገው ዩዴቭ የተባለው የመሣሪያ አስተዳዳሪ አገልግሎት ነው። ስለዚህ የትኛው ሊንክ እንደጎደለ ማየት ምክንያቱን ይጠቁማል። በ«/ዴቭ/ዲስክ» ሥር ካሉት የሊንክ ማውጫዎች ባይ-ፓዝ ዲስኩ ከተሰካበት ቦታ፣ ባይ-አይዲ ከዲስኩ መለያ ቁጥር (ሲሪያል ነምበር)፣ ባይ-ዩዩአይዲ ደግሞ በላዩ ከተጻፈው ፋይል ሲስተም ይመነጫሉ። ሁሉም ከጠፉ የዩዴቭ አገልግሎት መሥራቱን ያረጋግጡ። በቨርቹዋል ማሽን ላይ ባይ-አይዲ ብቻ ከጎደለ ብዙ ጊዜ ለዲስኩ መለያ ቁጥር አልተሰጠውም ማለት ነው።

የእርስዎ ችግር ባይ-ዩዩአይዲ ላይ ስለሆነ «ዩዴቭአድም ኢንፎ» በሚለው ትዕዛዝ ስለ ኤስዲቢ1 ይጠይቁና «አይዲ_ኤፍኤስ_ዩዩአይዲ» የሚል መስመር ይፈልጉ። መስመሩ ካለና ቁጥሩ ኤፍስታብ ላይ ከተጻፈው ከተለየ ብዙ ጊዜ ፓርቲሽኑ እንደገና ፎርማት ተደርጎ አዲስ ቁጥር አግኝቷል ማለት ነው፤ ይዘቱ የሚጠብቁት መሆኑን አይተው ኤፍስታቡን ያስተካክሉ። ቁጥሩ ተመሳሳይ ሆኖ ሊንኩ ብቻ ከሌለ «ዩዴቭአድም ትሪገር»ን ለብሎክ መሣሪያዎች ያስኬዱና ቀጥሎ «ዩዴቭአድም ሴትል» ብለው ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቁ።

መስመሩ ጨርሶ ከሌለ ጠበቅ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ተስፋ ቆርጠው ፎርማት የሚያደርጉ ሰዎች ደኅና መረጃቸውን ያጣሉ። ዲስኩ ቀድሞ ብዙ ዲስኮችን የሚያጣምሩት የሬይድ ወይም የዜድኤፍኤስ አባል ከነበረ የድሮው ፊርማ (የይዘቱን ዓይነት የሚያሳውቅ ምልክት) ከአዲሱ ፋይል ሲስተም ፊርማ ጎን ተርፎ ሊገኝ ይችላል፤ ዩዴቭ የሚጠቀምበት መርማሪ ፕሮግራም እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት ፊርማዎች ሲያገኝ አንዱን ገምቶ ከመምረጥ ይልቅ ምንም አይመልስም፣ ዩዴቭም ሊንክ የሚሠራበት ቁጥር ያጣል። ይህንን ለማየት «ዋይፕኤፍኤስ»ን ያለ ምንም ተጨማሪ ምርጫ በፓርቲሽኑ ላይ ያስኬዱ፤ እንዲህ ሲሆን ፊርማዎቹን ከነመገኛ ቦታቸው ይዘረዝራል እንጂ አንዳች አይሰርዝም። ሁሉንም የሚያጠፋውን የ«ኤ» ምርጫ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ። መጠባበቂያ ቅጂ ከወሰዱ በኋላ የድሮውን ፊርማ ብቻ መገኛ ቦታውን በ«ኦ» ምርጫ ጠቅሰው ያስወግዱ።

ዲስኩ የሌላ ዲስክ ግልባጭ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ አንድ ዩዩአይዲ ስለሚጋሩ ሊንኩ ለአንዱ ብቻ ይደርሳል። ለኤክስት4 ፋይል ሲስተም በ«ቲዩን2ኤፍኤስ»፣ ለኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲስተም በ«ኤክስኤፍኤስ_አድሚን» ግልባጩን ከማውንት አውጥተው (ከሲስተሙ ጋር ያለውን ትስስር አቋርጠው) አዲስ ቁጥር ይስጡት።

ምርመራው እስኪያልቅ በኤፍስታብ መስመሩ ላይ «ኖፌይል» የሚለውን ምርጫ ቢጨምሩ ሰርቨሩ ያለዚህ ዲስክም ይነሣል።