ስልኩን ለልጅቷ ስጡልኝ በሉ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርሁ 26 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከአውሮፕላን ወርደው እኔ ቤት ያረፉ፣ ሥራ ያስያዝኋቸውና የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ለማን እንደሚልኩ ያማከሩኝ ወገኖች ብዙ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ቀጨኔ ወይም ጎጃም በረንዳ አካባቢ በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ የምታድግ የእህት ወይም የአክስት ልጅ አለቻቸው። «አስተምራታለሁ» ሲሉም ከልባቸው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጅቷ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ስጠይቃቸው ግን ሳያመነታ የሚመልስልኝ ሰው ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው፤ ቃሌ ቢመርም ይታገሡኝ።

1. ስለ ወረቀት

ውክልና ስትሰጡ ወኪሉ ማድረግ የሚችለው አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ በልጅቷ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ካለም ደብተሩ በእሷ እጅ ይቀመጥ።

2. ስለ ገንዘቡ

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ያው የምንልከው መቶ ዶላር አገር ቤት ሲደርስ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ኑሮውም አብሮ ስለናረ ትርፉ የሚመስለውን ያህል አይደለም። ሆኖም እኔ የማውቃቸው ሦስት ቤተሰቦች ጭማሪውን ምን ላይ እንዳዋሉት ልንገራችሁ፦ አንደኛው ለወንድ ልጁ ሚኒባስ ቀብድ ከፈለበት፣ ሁለተኛው ተዝካር ደገሰበት፣ ሦስተኛው ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛበት። በሦስቱም ቤት «ለትምህርቷ» ተብሎ የሚላክላት ልጅ ነበረች። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ችግር ያለበት ቤት የገባ ገንዘብ ጮኾ ለጠየቀው ይሰጣል፤ ልጅቷ ደግሞ ጮኻ እንድትጠይቅ ተደርጋ አላደገችም።

ሻንጣ ሙሉ ደብተርና እርሳስ ተሸክማችሁ ለምትሄዱም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 የትምህርት ዘመን ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር ከከተማው አስተዳደር ያገኛሉ፤ የምገባ መርሐ ግብርም አለ። ሞዴስ መግዣ አጥታ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ከክፍል የምትቀር ልጅ የጎደላት ደብተር አይደለም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ከወላጆቿ ጋር ከከተማው ዳር ገላን ጉራ የገባች ልጅም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት የታክሲ ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳትጠይቁ አትላኩ።

3. ስለ ጊዜዋ

የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍላችሁ የምታጠናበትን ሰዓት ካላስገኛችሁላት፣ ልጅቷን አስተማርኋት አትበሉ። ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው።

በ2007 ዓ.ም. አገር ቤት ሄጄ ተክለ ሃይማኖት ወንድሜ ቤት አረፍሁ። የሟች እህቴ ልጅ የምታድገው እዚያ ነበር፤ 15 ዓመቷ ነው፤ ወጪዋን በየወሩ የምልከው እኔ ነኝ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የጀሪካን ድምፅ ቀሰቀሰኝና በመስኮት ወደ ግቢው አየሁ። ልጅቷ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሰባት ጀሪካን ደርድራ፣ ከቧንቧው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የባዮሎጂ ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፣ ዐይኗ ግን ተከድኗል። ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው እግሯ ላይ ሲፈስ ደንግጣ ትነቃለች፤ የሞላውን ገፍታ ባዶውን ታስገባለች፤ እንደገና ታንቀላፋለች። እኩያዋ የሆነው የወንድሜ ልጅ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኝቶ ነበር። እኔም ቁርስ ላይ «ጎበዝ ልጅ፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት» ብዬ በሰው ፊት አመሰገንኋት። ዛሬ ያን ምስጋና ባስታወስሁ ቁጥር አፍራለሁ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ሆነ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምራ ውሃ የምትቀዳ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሽሮ የምታማስል፣ ሕፃን የምታዝል ልጅ ከዚህ ቁጥር ውስጥ እንዴት እንድትገባ ትጠብቃላችሁ? ፈተናውን ስትወድቅ ደግሞ «ስንት አውጥቼባት» የምንለው እኛው ነን።

ስለዚህ ከምትልኩት ላይ ውሃ ለምትቀዳና ልብስ ለምታጥብ የሰፈር ሴት የሚከፈል ገንዘብ ለዩ፤ ያቺ ሴትም እንጀራ ታገኝበታለች። ለማጠናከሪያ ትምህርት ክፈሉ። ነጥቡ ካልመጣላትም ቴክኒክና ሙያ እንደ ውርደት አታስቆጥሩባት፤ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን (ሲኦሲ) ተመዝና በሙያዋ ትደር። ለቤቱ ሰው ደግሞ «ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ልጅቷ አትታዘዝም፤ ገንዘቡም የሚቀጥለው ይህ ሲከበር ነው» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው። በ1998 ዓ.ም. መርካቶ አካባቢ የተጀመረው ብሩህ ተስፋ የተባለው ፕሮግራም የሄደው በዚሁ መንገድ ነበር። የሰፈር ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ከትምህርት የቀሩትንና በሰው ቤት ሠራተኛነት የተቀጠሩትን ልጃገረዶች ይመዘግቡ ነበር፤ አሳዳጊና አሠሪ ለምነው ጥቂት ሰዓት ካስፈቀዱ በኋላም በቀበሌ ደረጃ በተገኘ ቦታ ሰብስበው ማንበብና መጻፍ፣ ስለ ጤናና ስለ ገንዘብ አያያዝ ያስተምሯቸው ነበር። እነዚያ ሴቶች ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት የልጅቷን ሰዓት ነው። ዶላር የምንልክ እኛ ይህን ለመጠየቅ ለምን እንፈራለን?

4. ስለ ስልኩ

ያን ጊዜ ወንድሜ ጋ ስደውል ስለ ልጅቷ እጠይቃለሁ፤ «ደኅና ናት»፣ «ትምህርት ቤት ናት»፣ «ተኝታለች» ይለኛል፤ ስልኩን እዘጋለሁ። በ2009 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገር የቤት ሠራተኛ መላክ በታገደበት ጊዜ፣ ደላላ የ17 ዓመቷን ልጅ 24 ዓመቷ ነው አሰኝቶ በቱሪስት ቪዛ ቤይሩት አስገባት። እኔ ይህን የሰማሁት ከ10 ወር በኋላ ነው። ለ10 ወር አገር ውስጥ ለሌለች ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እልክ ነበር። ወንድሜን ተቀይሜ ሁለት ዓመት ዘጋሁት፤ ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ «ስልኩን ስጧት፣ ድምፅዋን ልስማ» ያላልሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ 2012 ላይ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት ቆንስላው ደጃፍ ሻንጣቸውን ጥለው አራግፈዋቸው ሲሄዱ፣ የወጡትን ፎቶግራፎች እያጎላሁ ከአስፋልት ላይ ከተኙት መካከል የእሷን ፊት ስፈልግ አደርሁ። አላገኘኋትም። በ2013 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ደመወዟን ሳትቀበል ተመለሰች።

አሁን 26 ዓመቷ ነው፤ በፀጉር ሥራ ተመዝና አልፋ ተቀጥራለች። በየእሑዱ በራሷ ስልክ እደውልላታለሁ። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ስለዚያ ሌሊት አንሥቼ ይቅርታ ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለችና «እቴቴ፣ በመስኮት ስታይኝ አይቼሻለሁ እኮ» አለችኝ። «የምትወጪ መስሎኝ ነበር።»

የእህቴ ልጅ ባለችበት ግቢ ውስጥ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ ተማሪዋን ያሳየችኝም እሷው ናት። የውሃ ቀጂዋን ሂሳብ በየወሩ በቴሌብር የምልከው ለራሷ ለተማሪዋ ነው፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ማታ ማታ ጎራ እያለች ደብተሯን ታያለች።