አያቴን እንዴት ላግዛቸው?

ጥያቄ፦ አያቴ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ጎረቤታችንን ያስታምማሉ። ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን አሻሽተው ያሞቃሉ፤ ሌሊትም እየተነሡ ያገላብጧቸዋል። እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። አሁን ግን ወገባቸውን እያመማቸው ነው። «ይተዉት» ብላቸው አይሰሙኝም።

መልስ፦ ልጄ፣ መዳፍ አሙቆ መንካት ትልቅ ርኅራኄ ነው፤ እኔም ከሩቅ ወደድኳቸው። «ይተዉት» አትበያቸው፣ ሥራውን ተካፈያቸው እንጂ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት፤ ይህ ለአንድ አዛውንት ወገብ ከባድ ነው። የሌሊቱን ተራ አንቺ ውሰጂ። ታማሚዋን ስታንቀሳቅሱ አትጎትቱ፤ ከበታቻቸው አንሶላ አጥፋችሁ አንጥፉና ግራና ቀኝ ይዛችሁ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ እኩል አንሡ። የአያትሽንም ወገብ ሐኪም ይየው። «ታማሚዋን ለማስታመም ጤና ያስፈልግዎታል» ብትያቸው እሺ የሚሉሽ ይመስለኛል።