ፒቸር ዱላ ሲይዝ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቨርጂኒያ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዝቦል እጫወታለሁ። ሰሞኑን «የሜጀር ሊግ ፒቸር መምታት አይችልም፤ የሰፈር ተጫዋች ይበልጠዋል» የሚል ክርክር ተነስቶ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ለአዲሶች፦ ሜጀር ሊግ የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር ነው። ፒቸር ኳሱን የሚወረውረው ነው፤ መቺው ዱላ ይዞ ይጠብቀዋል። ድሮ ፒቸሩም ተራው ሲደርስ ዱላ ይዞ ይመታ ነበር።

ጋሼ፣ እውነት ያን ያህል ደካሞች ናቸው?
ቁጥራቸው ደካማ ነው። በ2021 ፒቸሮች በአማካይ 0.110 መቱ። ከ100 ሙከራ 11 መሆኑ ነው። የሊጉ አማካይ ግን 0.244 ነበር።

እኔ በሰፈር ጨዋታ ከሁለት አንዴ እመታለሁ። ታዲያ አልበልጣቸውም?
አትበልጥም፣ ወንድሜ። ማን እየወረወረልህ ነው? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ፒቸሩ 18.44 ሜትር ላይ ቆሞ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይለቅብሃል። አንተ ጋ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። አንድ ቀን የመለማመጃ ማሽኑን 130 ላይ አድርጌ ቆምኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ኳሱ ከኋላዬ ምንጣፉን «ጧ!» ሲያደርግ ነው። ትከሻዬ ገና አልተንቀሳቀሰም ነበር። ማሽኑ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ነው የሚወረውረው። የእነሱ ኳስ አጠገብህ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ይወርዳል። 0.110 የመጣው እንዲህ ባለው ኳስ ላይ ነው። እኔና አንተ ከ100 አንድ ብንነካ ትልቅ ነገር ነው።

እነሱ ወደኛ ሜዳ ቢመጡስ?
ኳስ ስንለቅም እንውላለን። ብዙዎቹ ሃይስኩል እያሉ የቡድናቸው ምርጥ መቺ ነበሩ። ፒቸሩ ጄኮብ ዲግሮም ስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ የገባው ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ቆሞ የሚከላከል ተጫዋች) ሆኖ ነው። ሌላው ፒቸር ማዲሰን ባምጋርነር በሜጀር ሊግ 19 ሆም ረን (መቺው አራቱንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) መትቷል።

ታዲያ ለምን ተበላሹ?
ልምምድ ነዋ! መምታት በየቀኑ ካልነኩት ይጠፋል። ጨዋታውን የሚከፍተው ፒቸር የሚጫወተው በአምስት ቀን አንዴ ነው፤ ያን ቀንም ዱላ የሚይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ነበር። ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው አሜሪካን ሊግ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ በፒቸሩ ፈንታ የሚመታ ሰው አስገብቷል።

ጥሩ ስፖርተኛ የሆነ ሰውስ? በጉልበት አይሆንም?
ማይክል ጆርዳንን አስቢው፣ እህቴ። በ1994 ቅርጫት ኳሱን ትቶ ከሜጀር ሊግ ሁለት ደረጃ ዝቅ ባለ ሊግ 127 ጨዋታ ተጫወተ። 0.202 መታ። እኔ ይህን ትልቅ ስኬት ነው የምለው። ሙሉ ዓመት ለፍቶበታል፤ ያውም ጆርዳን ሆኖ።

የማትረሳው የፒቸር ምት?
ባርቶሎ ኮሎን! ግንቦት 2016፣ ሳንዲዬጎ። ዕድሜው 42። በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሆም ረን መታ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ቤዞቹን ሲዞር ከ30 ሰከንድ በላይ ፈጀበት። እኔ ሶፋዬ ላይ ቆሜ እጮህ ነበር። አሁንም ሳየው እንባዬ ይመጣል።

አሁንም ይመታሉ?
ከ2022 ጀምሮ በሁለቱም ሊግ ቀርቷል። ጃፓናዊው ሾሄይ ኦታኒ ብቻውን ሌላ ዓለም ነው፤ መወርወሩንም መምታቱንም ይሠራል። በ2024 54 ሆም ረን ሲመታ ግን ክንዱ ከቀዶ ጥገና እያገገመ ስለነበር አልወረወረም።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ፒቸር መሆን ይፈልጋል። መምታቱን ይተወው?
ኧረ በፍጹም! በዚህ ዕድሜ ሁለቱንም ይጫወት። ዱላውን አትቀሚው፤ ሲወረውር ውሎ ክንዱ ሲደክም ግን አሳርፊው።