የሰውነቴን ስብ የትኛው መለኪያ በትክክል ይነግረኛል?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የምኖር የ41 ዓመት መምህርት ነኝ። በሁዳዴ ጾም እህል ውኃ ሳልቀምስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በአንድ ጂም በኤሌክትሪክ ሚዛን ብመዘን «ስብሽ 34 በመቶ ነው» ተባልሁ። ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር አንድ አሠልጣኝ ቆዳዬን በመቆንጠጫ ለክቶ 28 አለኝ። ባለቤቴ «ጾሙ አቅልጦልሻል» ይለኛል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሁለቱም መሣሪያዎች ስብዎን አላዩትም። ስብን በቀጥታ አውጥቶ መመዘን የሚቻለው በአስከሬን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሚሠራ ማንኛውም ዘዴ ሌላ ነገር ለክቶ ውጤቱን በቀመር ወደ ስብ ይመልሳል።

የቆሙበት ሚዛን በአንድ እግር ገብቶ በሌላው የሚወጣ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይልካል። ውኃ የበዛበት ጡንቻ ፍሰቱን በቀላሉ ያሳልፈዋል፤ ስብ ግን ይገታዋል። ሚዛኑ የሚያውቀው ይህንን መገታት ብቻ በመሆኑ፣ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ ያልጠጣን ሰው ከእውነቱ ይልቅ ስብ እንደበዛበት አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ስለዚህ ከ34ቱ ከፊሉ የውኃ ጥም ሊሆን ይችላል። ፍሰቱም የሚያልፈው በእግሮችና በዳሌ በኩል ስለሆነ፣ ስለ ሆድዎ የሚናገረው በግምት ነው።

የመቆንጠጫው ችግር ሌላ ነው። የሚለካው የተቆነጠጠውን የቆዳ እጥፋት ውፍረት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ የመላ ሰውነትን ስብ የሚያሰላው ቀመር ነው። የለኪው እጅ ልምድ ወሳኝ መሆኑ ባይካድም፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀመሩ ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው ቀመሮች አንዱን ዱርኒንና ዎመርስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት በስኮትላንድ፣ በግላስጎው፣ 481 ሰዎችን ለክተው ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ካለው ጋር ያለው ምጣኔ ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ፣ የግላስጎው ቀመር ለጎጃም ሰው እንዳለ ይሠራል ብሎ መቀበል ያስቸግራል። ቀመሩ ራሱ የተስተካከለው ደግሞ ሰውን ውኃ ውስጥ አስገብቶ በመመዘን ውጤት ላይ ነው፤ ያም ዘዴ የስብ እፍጋት 0.9፣ የቀረው አካል 1.1 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው ብሎ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ግምት ይወስዳል። ግምት በግምት ላይ ተደርቧል ማለት ነው። በሁለት የኤክስሬይ ጨረሮች የሚሠራው ዴክሳ ከእነዚህ ይሻላል፤ ሆኖም እርሱም ከአምራች አምራች የተለያየ ውጤት ይሰጣል።

መቆንጠጫ በጥሩ እጅም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ነጥብ ሊስት ስለሚችል፣ የቤት ሚዛንም ከዚያ የተሻለ ስላልሆነ፣ በሁለት መሣሪያ መካከል የታየው የ6 ነጥብ ልዩነት ስብዎ ስለመቅለጡ ማስረጃ አይሆንም። ለውጥን ማወቅ ከፈለጉ አንዱን መሣሪያ ብቻ ይያዙና ጾም ባልሆነ ወቅት፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ ይለኩ።

ለጤናዎ ከሆነ ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃዎታል። በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽዎን በቀስታ አውጥተው፣ ሆድዎን ሳይስቡ ወገብዎን ይለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን የበሽታ ስጋቱ እንደሚጨምር፣ ከ88 ሲያልፍ ደግሞ በእጅጉ ከፍ እንደሚል ያመለክታል። የዛሬውን ቁጥር ይጻፉና ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ሜትር ይድገሙት፤ ከ88 በላይ ከሆነ ግን ሁለት ወር ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊትዎንና የስኳር መጠንዎን ይመርመሩ።