የአባት ውፍረትና ከእርግዝናው በፊት ያሉት ሦስት ወራት

ጥያቄው፦ «ባለቤቴ ክብደቱ 104 ኪሎ፣ ቁመቱ 1.72 ነው። በስድስት ወር ውስጥ ለማርገዝ አስበናል። የአባት ውፍረት ለልጅ ይተርፋል የሚባለው እውነት ነው?»

እህቴ፣ መሠረት ያለው ነገር ነው፤ የማይቀር ዕዳ ግን አይደለም። 104ን በ1.72 ሁለት ጊዜ ብታካፍዪው 35 ገደማ ይመጣል፤ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ስፐርም ጂን ብቻ አይደለም የሚያደርሰው። ዲኤንኤው ላይ የተለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶች (ሜቲሌሽን) እና ጥቃቅን አርኤንኤዎችም አብረው ይሄዳሉ። የጂኑን ፊደል አይነኩም፤ የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚለውን ነው የሚነኩት። ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው ይሄ ነው። ከፅንሰት በኋላ አብዛኛው ምልክት ይጠረጋል፤ አንዳንዱ ግን ሳይጠረግ ያልፋል። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከእትብት ደም በተሠራ ጥናት፣ አባቶቻቸው ወፍራም በሆኑ ሕፃናት ላይ አይጂኤፍ2 በተባለው የእድገት ጂን አካባቢ ሜቲሌሽኑ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቅባት የበዛበት ምግብ ከተመገቡ ወንድ አይጦች የተወለዱት ሴቶች የኢንሱሊን አመነጫጨታቸው ተዛብቶ ታይቷል። እናቶቹ የተመገቡት መደበኛውን ነበር።

ሰው ላይ ግን ነገሩ እንደ አይጥ አይጠራም፤ ልጁ ከአባቱ ጋር አንድ ማዕድ ይበላል፣ ጂኑንም ይወርሳል። ስለዚህ የልጅን ውፍረት ሁሉ ለስፐርሙ አትስጪው።

ደስ የሚለው፣ ምልክቶቹ ይለወጣሉ። ስፐርም ተሠርቶ ለማለቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ የማብሰያና የመተላለፊያው ጊዜ ሲጨመር ሦስት ወር ይጠጋል። በኮፐንሃገን የተመራመሩ ሳይንቲስቶች ክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ያደረጉ ስድስት ወንዶችን ተከታትለው፣ ከዓመት በኋላ የስፐርማቸው ሜቲሌሽን በብዙ ጂኖች ላይ ተቀይሮ አግኝተዋል።

ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ኪሎ፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀንስ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃም ይጨምርበት። በረሃብ ራስን አስጨንቆ በወር 15 ኪሎ መጣል ለዚህ ጊዜ አይሆንም። ሲጋራ ካለ ያቁም። የጾም ስኳርና የደም ግፊት ይለካ። ሌሊት ክፉኛ የሚያንኮራፋ ከሆነ ይታይ፤ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ቴስቶስትሮንን (የወንድ ሆርሞኑን) ያወርዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስብ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ስለሚቀይር፣ የወፍራም ወንድ የቴስቶስትሮን ምርመራ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ያኔ «መርፌ ውሰድ» የሚል አይጠፋም። መርፌው ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ስፐርሙ እስከ ዜሮ ሊወርድ፣ ለመመለስም ብዙ ወራት ሊወስድበት ይችላል። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን አይወጋም፤ ጂም ቤት የሚሸጠውንም ጭምር።

የስፐርም ምርመራ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ይሰጣል። የሚያሳየው ግን ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ እንጂ ሜቲሌሽንን አይደለም። «የኤፒጄኔቲክስ ምርመራ» እያሉ ለሚሸጡ ገንዘብ አታውጡ።

አንቺ 35 ዓመት ካለፈሽ ደግሞ የእሱን ኪሎ እየጠበቃችሁ ጊዜ አትግደሉ፤ እየቀነሰ ሞክሩ፣ በ6 ወር ካልሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ። ከዚያ በታች ከሆንሽ እስከ 12 ወር መጠበቅ ይቻላል።