ሁለት ቦርድ ብቻ ተሰክቶ ዩኤስቢ 2 ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ሁለት የአርዱዊኖ ናኖ ቅጂዎች (ትናንሽ መቆጣጠሪያ ቦርዶች) ሰክቻለሁ። አንዱ የሮቶውን ውሃ ይለካል፣ ሌላው የፓምፑን ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያዛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፖርቶቹ ይቀያየራሉ፤ ገመድ ሲነካ ደግሞ ዩኤስቢ 0 (ttyUSB0 የሚባለው ፖርት) ጠፍቶ ዩኤስቢ 2 ይመጣል። የፓይተን ኮዱን የሠራልኝ ሰው ‹0 ካልተከፈተ 1ን ክፈት› የሚል መስመር ጨምሮበት ነበር፤ አልረዳም።»

መጀመሪያ የ220 ቮልቱን መስመር ከሪሌዩ ይንቀሉ። ሙከራው ሁሉ ያለ ፓምፕ ይሁን።

ችግሩን የሚያጋልጠው ያ ቁጥር 2 ነው። ሊኑክስ፣ ማለትም የፓይው ስርዓተ ክወና፣ ለፖርት ቁጥር የሚሰጠው የቦርዱን ማንነት አይቶ አይደለም፤ በመጣበት ተራ ነው። ቀድሞ የታየው 0፣ ቀጥሎ የመጣው 1 ይሆናል፤ ፓይው ሲነሳ ማን እንደሚቀድም ዋስትና የለም። ገመዱ ሲላቀቅ ግን ሌላ ነገር ይከሰታል። ቦርዱ ቢሄድም ፕሮግራምዎ የከፈተውን ሃንድል (ከፖርቱ ጋር ያለውን ክፍት ግንኙነት) ይዞ ስለሚቆይ 0 አልተለቀቀም። 1 በሌላው ቦርድ ተይዟል። ተመላሹ ቦርድ የሚያገኘው የመጀመሪያ ባዶ ቁጥር 2 ነው። ሃንድሉ ቀድሞ ቢዘጋ ኖሮ 0 ሆኖ ይመለስ ነበር።

ያን የተጨመረ መስመር ያጥፉት። የፓምፕ ትእዛዝ ለውሃ መለኪያው የሚልክ መስመር ጥገና አይባልም።

በፓይሲሪያል (የፓይተን የሲሪያል ፖርት ላይብረሪ) «ኮምፖርትስ» የፖርቶቹን ዝርዝር ያውጡ፤ ይህ ፖርት ሳይከፍት ያነባል። ፖርት እየከፈቱ መፈለግ አይገባም፤ ናኖ ፖርቱ በተከፈተ ቁጥር ሪሴት ያደርጋል። ቪአይዲ (የአምራች መለያ ቁጥር) 6790፣ ፒአይዲ (የምርት መለያ ቁጥር) 29987 የሆኑትን ብቻ ያስቀሩ፤ እነዚህ ሲኤች340 የተባለው የዩኤስቢ ቺፕ ያላቸው ናቸው። በሲሪያል ቁጥር መለየት አይቻልም፣ ርካሹ ቺፕ ባዶ ነው የሚመልሰው። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ይህን ማስቀረታቸው ያናድዳል። ስለዚህ «ሎኬሽን» የሚለውን ይጠቀሙ፦ 1-1.2 እና 1-1.3 የመሰለ፣ ከዩኤስቢ ቀዳዳው ጋር የታሰረ አድራሻ ነው። ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ምልክት ያድርጉባቸው።

ከከፈቱ በኋላ 2 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ቦርዱ እስኪነሳ። ከዚያ ማንነቱን ይጠይቁት፤ ለመለኪያው «1»፣ ለፓምፑ «2» የሚል መልስ በየቦርዱ ኮድ ውስጥ ያስገቡ። የማይገጥም መልስ ከመጣ ትእዛዝ አይላክ። ንባብ ሲቋረጥ ስህተቱን ይያዙ፣ «ክሎዝ» ይበሉ፣ ዝርዝሩን እንደገና ያውጡ። የፓምፑ ቦርድም ለ10 ሰከንድ ትእዛዝ ካልደረሰው ሪሌዩን ራሱ ያጥፋ።

220ውን የሚመልሱት ሁለቱን ገመዶች ሆን ብለው አቀያይረው ሰክተው፣ ፕሮግራሙ ትእዛዝ አልልክም ማለቱን ካዩ በኋላ ብቻ ነው።